አያ ደምሌ ያስቀጠሉት ፊልም

በቡሄ ዕለት ጠዋት የጎረቤታችን ልጅ መምህር አዲሱ ድምፁ ተዘግቶ ቤታችን ባይመጣ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ ከሰፈር ጎረምሶች ጋር፣ በዚያ ዕድሜው፣ ሆያ ሆዬ ሲጨፍር አምሽቶ ጉሮሮው ከድቶት ነበር። ደጃፋችን ላይ ቆሞ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው።

መሠረት እባላለሁ። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ተመርቄ ደብረ ታቦር እናቴ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለተኛ ክረምቴ ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ «ሥራ ጠፋ» እላለሁ። ሥራ መጥፋቱ እውነት ነው። ግን ሌላም እውነት ነበረ፤ ሰው ፊት ቆሜ መናገር እንደ ሞት ነበር የምፈራው። እናቴ «የእኔ ልጅ ድምፅ ጥርሷን አይሻገርም» እያለች ለጎረቤት ታጫውት ነበር። ከቤት የምወጣው ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ነው፤ የተረፈውን ቀን ክፍሌ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ፊልም አያለሁ።

«መሲ» አለኝ አዲሱ በሹክሹክታ፣ «ነፍሴን አድኚኝ። ፊልም ትተረጉሚልኛለሽ።»

«የት?»

«ማረሚያ ቤት።»

አዲሱ ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ባለው ትምህርት ቤት ያስተምራል። ለበዓሉ ፊልም አሳያችኋለሁ፣ አጠገባችሁ ቆሜም በአማርኛ እነግራችኋለሁ ብሎ ለታራሚዎቹ ቃል ገብቶ ኖሯል። እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት እናቴ ከጓዳ ሆና «ትሄዳለች!» አለች። በኋላ ሳስበው፣ ከቤት የምታስወጣኝን ሰበብ ስትጠብቅ ነበር የኖረችው።

«ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?» አልኩት በመንገድ ላይ።

«ስለ እስር ቤት።»

«ለእስረኛ የእስር ቤት ፊልም?»

«ራሳቸው ናቸው የመረጡት፤ ዝናውን ሰምተው። የድሮ ነው፣ ከአጭር ልብ ወለድ የተሠራ። ስለ ቤተ መጻሕፍት ነው አሉኝ። ለኮማንደሩም እንደዚያ ብዬ ነው ያስፈቀድኩት።»

«አሉኝ ነው ያልከው? አንተ አላየኸውም?»

«ትናንት ላየው ነበር» አለ፤ «ሆያ ሆዬው በለጠብኝ።»

እኔም አላየሁትም ነበር። ስለዚህ ማንም የማያውቀውን ፊልም ይዘን ገባን።

በሩ ላይ ጠያቂ ሁሉ ሙልሙል ይዞ ተሰልፏል፤ ፈታሾቹ እያንዳንዱን ሙልሙል ቆረስ እያደረጉ አይተው ይመልሳሉ። አዳራሹ ውስጥ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርደዋቸዋል፤ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል፤ ጣራው ላይ የነሐሴ ዝናብ ይወቅጣል። ሰው እስከ ኋላ ጢም ብሏል። ኮማንደሩ፣ የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ፣ በር አጠገብ ወንበር አስመጥተው ቁጭ ብለዋል። 

ከፊት ለፊቴ፣ የመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብለው በኪሮሽ ኮፍያ ይሠራሉ። ጣቶቻቸው የገበሬ ጣቶች ናቸው፣ ወፋፍራም፤ ክሩ ግን በመሃላቸው እንደ ውኃ ይፈሳል።

«አያ ደምሌ ናቸው» አለኝ አዲሱ በጆሮዬ። «እዚህ ግቢ ውስጥ ከሁሉም የቆዩት እሳቸው ናቸው። የጉና ተራራ ሰው ናቸው፤ በወሰን ጠብ ሰው በእጃቸው ሞቶ ነው የገቡት። ደሙ በሽማግሌ ደርቋል። ለአዲስ ዓመት በይቅርታ ይወጣሉ።»

«ደስ ብሏቸዋላ!»

«ይላሉ» አለ አዲሱ።

ፊልሙ ተጀመረ። ባንክ ቤት የሚሠራ አንድ ሰው ባልሠራው ወንጀል ተፈርዶበት ሲገባ ነው። እኔም ጀመርኩ፤ ማለት አፌ ተንቀሳቀሰ። ሦስት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳልሄድ ከመሃል አንዱ ጮኸ።

«እህታችን! ለራስሽ ነው እንዴ የምትነግሪው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የጮኸው ሸጋው ይባላል፤ የሚኒባስ ረዳት የነበረ ወጣት ነው፤ ድምፁ ያለ ማይክ ጉና ሥር ያለችው ገሳይ ከተማ ይደርሳል። ፊቴ ጋለ። ጥዬ ልወጣ በሩን ፈለግኩት፤ በሩ ላይ ኮማንደሩ አሉ።

«ተዉአት!» አሉ አያ ደምሌ። ኪሮሻቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ እነሱን እርሺያቸው። ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። ግን ጆሮዬ ይከብዳል፣ ትንሽ ጮክ ማለት አለብሽ።»

ለእሳቸው ብቻ መናገር ጀመርኩ። ፊታቸውን እያየሁ። «አልሰማሁም» ይሉኛል፤ ከፍ አደርጋለሁ። «አሁንም አልሰማሁም» ይላሉ፤ ጨምሬ ከፍ አደርጋለሁ። ሳላውቀው ከዝናቡ በላይ እየጮህኩ ነበር። የአያ ደምሌ ጆሮ የድመት ጆሮ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ደስ እያለኝ መጣ። የፊልሙ እስር ቤት አለቃ ክፉ ሰው ነው፤ በአንድ እጁ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ በሌላው ግፍ የሚሠራ። እኔ ሳላስበው «ኮማንደሩ እንዲህ አለ» ብዬ ተረጎምኩት። አዳራሹ በሙሉ ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» አሉ ኮማንደሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «የውጭ አገር ኮማንደር ነው።»

ከዚያ ወዲያ «አለቃው» እያልኩ ቀጠልኩ።

ቀጥሎ የቤተ መጻሕፍቱ ሽማግሌ መጣ። ዕድሜውን እስር ቤት የፈጀ፣ መጽሐፍ በጋሪ እየገፋ ለእስረኛ የሚያድል፣ ኮቱ ውስጥ የወፍ ጫጩት የሚያሳድግ የዋህ ሰው ነው። ገና ብቅ ሲል ሸጋው «አያ ደምሌ መጡ!» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። አያ ደምሌም ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጅ ነሱ። የፊልሙ ሽማግሌ ባወራ ቁጥር ሰው እሳቸውን ያያል፤ እሳቸውም እንደ ሙሽራ ይሽኮረመማሉ።

በዚያ ሳቅ መሃል ሽማግሌው ተፈታ።

መፈታቱን ስናገር አዳራሹ «እልልል!» አለ። ሽማግሌው ግን እልል አላለም። መንገድ ሊሻገር ሲል መኪናው ሁሉ ይከንፍበታል። አንድ ሱቅ ውስጥ ዕቃ በከረጢት እየከተተ ይሰጣል፤ ጣቶቹ ያምሙታል፤ የሚያናግረው የለም። ሌሊት እየባነነ የት እንዳለ ይጠፋዋል። ይህን ሁሉ ለእስር ቤት ጓደኞቹ በደብዳቤ ሲናገር፣ ቃሉን ወደ አማርኛ የማመጣው እኔ ነበርኩ፣ ያንንም በአያ ደምሌ ፊት። እያንዳንዱ ቃል ከአፌ ወጥቶ እሳቸው ላይ ሲያርፍ ይታየኛል። ኪሮሹ ቆመ። በፊልሙ ውስጥ ሽማግሌው ሙሉ ልብሱን ለበሰ፤ ወንበር ላይ ወጣ፤ ከጣራው እንጨት ላይ በስለት ስሙን መጻፍ ጀመረ። ቀጥሎ የሚሆነውን ጠረጠርኩ።

በዚያች ቅጽበት መብራት ጠፋ።

ሌላ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ፉጨት ነው፣ ጩኸት ነው። ያን ቀን የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነው። ጠባቂዎቹ ተጣድፈው ብርድ ልብሶቹን ከመስኮት ሳቡ፤ ግራጫ ብርሃን ገባ። አያ ደምሌ እዚያው እንደተቀመጡ እኔን ያያሉ።

«ልጄ፣ ሽማግሌው ወንበር ላይ የወጣው ለምንድን ነው?»

«አምፖል ሊቀይር ነዋ!» አለ ሸጋው ቶሎ ብሎ። «የእኛን መብራት ያጠፋው እሱ ነው!»

ጥቂት ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። እኔም እውነቱን እላችኋለሁ፣ «አዎ፣ አምፖል ሊቀይር ነው» ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ ቃሌን ያመኑኝ ሰው ናቸው።

«አላውቅም፣ አያ ደምሌ» አልኩ። «ፊልሙን አላየሁትም። ግን ፈርቻለሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አሉ።

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። ብድግ አላሉም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም፤ ግን እስከ መጨረሻው ረድፍ ተሰሙ።

«ሁላችሁም እንኳን ደስ ያለዎት ትሉኛላችሁ። እኔም አሜን እላለሁ። ሌት ሌት ግን እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴ እኔ እዚህ እያለሁ አረፈች። ልጆቼ መተማ ወርደው በዚያው ቀሩ። ቤቴ ጣራው ወርዶ ገብስ ተዘርቶበታል አሉ። እዚህ ጠዋት ሲደወል እነሣለሁ፤ ሲደወል እበላለሁ። እዚያ ማን ይደውልልኛል? እንደዚህ ሰውዬ መንገድ መሻገር የሚያቅተኝ ይመስለኛል።»

ኮማንደሩ ከበሩ ተነሥተው መጡና አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ። «ለምን አልነገሩኝም?» አሏቸው።

«ምን ብዬ? አታውጡኝ ብዬ?»

ማን ቀድሞ እንደ ጀመረው አላስታውስም። ከኋላ አንዱ «የሰውዬው ጥፋት ከተማ መግባቱ ነው» አለ። «ወደ አገሩ ቢሄድ ኖሮ!» ሌላው «አገሩ ማን አለውና?» አለ። «ጎረቤት የለም እንዴ? ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው።» «ሥራውስ? ሱቅ ውስጥ ከረጢት መሙላት ለሽማግሌ ይሆናል?» «ኮፍያ ቢሠራ ይሻለው ነበር።» «ኮፍያማ ጉና ሥር ብርድ እስካለ ድረስ ገበያው አይጠፋም!» ስለ ፊልሙ ሽማግሌ የሚከራከሩ ይመስላሉ፤ ሁላችንም ግን ስለ ማን እንደሚወራ እናውቃለን። ያ አዳራሽ የእድር ስብሰባ ሆነ።

ሸጋው ብድግ አለ። «ስሙኝ! እናቴ ገሳይ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት። ከጓሮ ያለው የእኔ ክፍል ባዶ ነው። እኔ እስክወጣ አያ ደምሌ ይኑሩበት። ኮፍያውንም እዚያው በሩ ላይ ይስቀሉት፤ መኪና ሁሉ እዚያ ይቆማል።»

«እናትህ ባል አላት?» አለ አንዱ።

«የላትም፣ ሞቶባታል።»

«እንግዲያ ክፍል አይደለም፣ እናትህን ነው እየዳርክ ያለኸው!»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ኮማንደሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑ። አያ ደምሌ «ኧረ እናንተ ባለጌዎች፣ ኧረ በገብርኤል!» እያሉ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ግን ይስቁ ነበር። ሳቁ ትንሽ በረድ ሲል እንዲህ አሉ።

«ከበሩ እስከ ገሳይ ግን መንገድ አለ። ከበሩ ውጭ የማውቀው ሰው የለኝም።»

«እኔ አለሁ» አለ አንድ ድምፅ። «በሩ ላይ ቆሜ እቀበልዎታለሁ። ገሳይ ድረስም አደርስዎታለሁ።»

የማን ድምፅ ነው ብዬ ዞር አልኩ። የእኔ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሰምቶታል፤ ጥርሴን ተሻግሮ አዳራሹን አቋርጦ ሄዷል።

ብዙም ሳይቆይ መብራት መጣ። አንሶላው ላይ ሽማግሌው እዚያው ወንበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። አዲሱ በሹክሹክታው «ልዝለለው?» አለኝ። እኔ ራሴን ልነቀንቅ ስል አያ ደምሌ ቀደሙኝ።

«አይዘለልም። ይቀጥል። የሰውን መከራ እስከ ግማሽ አይቶ ፊት ማዞር ነውር ነው።»

አስቀጠልነው። እኔም አልተረጎምኩም፤ ትርጉም አያስፈልገውም ነበር። አያ ደምሌ እስከ መጨረሻው አዩት። ሲያልቅ ኮፍያቸውን አውልቀው «ነፍስህን ይማረው፣ ወንድሜ» አሉት ለአንሶላው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው «ጠያቂ አጥቶ ነው» አሉኝና ኪሮሻቸውን አነሡ። «ቀጥዪ ልጄ፣ ያኛውስ ባንከኛው ምን ሆነ?»

ባንከኛው ምን እንደሆነ ፊልሙን ያየ ያውቀዋል። አዲሱና እኔ ግን አናውቅም ነበር። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የሴት ሥዕል ኋላ ጉድጓዱ ሲታይ፣ ሰውዬው ለዓመታት በትንሽ መዶሻ ሲቦረቡር መኖሩ ሲገለጥ፣ አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሣ። እኔ እየጮህኩ እተረጉማለሁ፤ አዲሱ ድምፅ የሌለው ጩኸት ይጮሃል፤ ሸጋው ጎረቤቱን አቅፎ ይዘላል። ከዚያ ድንገት ሁሉም አንድ ነገር ትዝ አለውና አንገቱን አዞረ። ኮማንደሩ ቆመዋል።

«መምህር አዲሱ» አሉ። «ስለ ቤተ መጻሕፍት ነው አላልከኝም?»

አዲሱ ድምፁ መዘጋቱን ያን ጊዜ ሳያመሰግን አልቀረም። አንገቱን ብቻ ነካ ነካ አደረገ።

ኮማንደሩ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ግድግዳው ላይ ሥዕል የለጠፈ ማነው?»

አያ ደምሌ ክራቸውን እያጠነጠኑ «እኔ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አለችኝ፣ ኮማንደር» አሉ። «ገልጣችሁ እዩ፤ ከኋላዋ ያለው ትኋን ብቻ ነው። እሱ ቢያመልጥ ደስታውን አልችለውም።»

መጀመሪያ የሳቁት ኮማንደሩ ናቸው። እስከ ዛሬ እንደዚያ ከልቡ የሚስቅ የመንግሥት ሰው አላየሁም። ለነገሩ በማግስቱ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተፈትሸዋል፤ የተገኘውም ትኋን ብቻ ነው ብሎ አዲሱ ነግሮኛል።

በዕንቁጣጣሽ ጠዋት በሩ ላይ ቆምኩ። ብቻዬን አልነበርኩም። እናቴ አለች፣ ድምፁ የተመለሰለት አዲሱ አለ፣ ከገሳይ ድረስ የመጡት የሸጋው እናት እማማ የሺ አሉ፣ አዲስ ነጠላ ለብሰው። አያ ደምሌ ጥቅላቸውን ይዘው ወጡና የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። ትንሽ ቆዩ። እኔም ልጠራቸው አልደፈርኩም። እማማ የሺ ግን «ምነው፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል እኮ!» ብለው ተቆጧቸው። ሻዩ ያለው ገሳይ ነው። አያ ደምሌ ሳቁና ደፉን ተሻገሩ።

ባጃጁን ሲያዩ ዙሪያውን ዞሩት። «አራተኛው እግሩ የት ሄደ?» አሉ። መናኸሪያ እስክንደርስ የልብሴን ጫፍ አልለቀቁም። በሚኒባሱ ግን መስኮት አጠገብ ቁጭ ብለው ከከተማ እንደወጣን ጉና ከደመናው ራቁቱን ብቅ ሲል ግንባራቸውን ከመስታወቱ አስጠጉ።

«እዚያው ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «አልሄደም።»

የተቀረውን ላሳጥረው። አያ ደምሌ ገሳይ ይኖራሉ። ኮፍያቸው በሩ ላይ ይሰቀላል፤ ሾፌሮች ሁሉ ያደረጉት የእሳቸውን ነው። የሟቹ ወንድም ከጉና ወርዶ በግ ይዞ ጠይቋቸዋል፤ አብረው አልቅሰው አብረው በልተዋል። ሸጋው በቀጣዩ ዓመት ሲፈታ ክፍሉን ባዶ አገኘው፤ አያ ደምሌ ወደ እናቱ ቤት ተዛውረዋል፤ በቁርባን። «እኔ ቀልዴን ነበር እኮ!» ይላል እስከ ዛሬ። እሱ ሲወጣ በተደገሰው የሠርጉ መልስ ላይ ግን ከሁሉ በላይ የጨፈረው እሱ ነው።

እኔ ዛሬ ጥንት መድፍ የተሠራበትን ጋፋትን ለማየት የሚመጡ ተማሪዎችንና እንግዶችን እየመራሁ አስጎበኛለሁ። በየሜዳው ቆሜ፣ ንፋሱ እየጮኸ፣ ከኋላ ያለው ሰው እስኪሰማ አወራለሁ። አሁንም ስጀምር እፈራለሁ። የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሰዉ መሃል ጆሮው የከበደ የሚመስል አንድ ሰው መርጬ ለእሱ ብቻ እነግረዋለሁ።

ያን ፊልም ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ብዙ ሰው የሚወድለት ማምለጡን ነው፣ ጉድጓዱንና ዝናቡን። እኔ የምቆመው ከዚያ በፊት፣ ሽማግሌው በበሩ ሲወጣ ነው። በሩ ይከፈታል፣ ውጭ ማንም የለም። አንባቢዎቼ፣ ምናልባት እናንተም ከአንድ ቦታ የሚወጣ ሰው ታውቁ ይሆናል፤ ከእስር፣ ከሆስፒታል፣ ከስደት፣ እንደ እኔም ከገዛ ክፍሉ። «እንኳን ደስ ያለህ» ማለት ጥሩ ነው። በሩ ላይ መቆም ግን ይበልጣል። ትልቅ ነገር ማድረግ አይጠበቅባችሁም፤ ቁሙ፣ ካስፈለገም ሻዩ ይቀዘቅዛል ብላችሁ ተቆጡት።

ይህን ጽፌ ሳበቃ ለአያ ደምሌ ላነብላቸው ደወልኩ። ስልክ ይዘዋል አሁን፤ ገሳይ ከደብረ ታቦር ስለሚርቅ ይመስለኛል በጣም ይጮሃሉ።

«አያ ደምሌ፣ ስለእርስዎ ጽፌያለሁ፣ ላንብብልዎት?»

«ልጄ፣ ዛሬ ገበያ ነው፣ ሰው ተሰልፎብኛል!» አሉ። «ሌላ ቀን!»

ዘጉብኝ።